ስለ ኤሌክትሪክ ሽቦ ምርመራ በክረምት የተማርነው

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተሰማ ንግግር



ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር መልካም ነገር አሰምተዋችኋል። እኛ ግን የምንናገረው ዝቅ ስላለ ነገር ነው፤ ይኸውም በማድ ቤት ግድግዳ ላይ ተቸንክሮ ስለሚታየው ሽቦ ነው። ከመካከላችሁ «ይህ ደግሞ ለንግግር የሚበቃ ነገር ነውን?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ባለፈው ክረምት ሙያውን ልንለማመድ በገባን ጊዜ እንዲሁ አስበን ነበርና።

እኛ አምስት ነን። ሁላችንም ፊደል የቆጠርነው በሚስዮን ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ዛሬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። ባለፈው ዓመት ትምህርት በተዘጋ ጊዜ፣ በሐይቅ ከተማና በአምባሰል የቤት መብራት ሲዘረጉ ብዙ ዓመት የኖሩ አንድ ባለሙያ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን ድረስ አብረናቸው እንድንሠራ ፈቀዱልን። ስማቸው በዚህ አደባባይ እንዳይጠራ ስለ ለመኑን «አሠልጣኛችን» እያልን እንቀጥላለን።

ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ በቤተ መንግሥታቸው እንደ በራ ይነገራል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለ ሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል እንዲሰጥ ተሠርቶ ነበር። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ማለት ከቆቃ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ኃይል ተራራና ሸለቆ አቋርጦ፣ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ተሻግሮ፣ በመጨረሻ ወደ እናቶቻችን ማድ ቤት የሚገባው ከስንደዶ እምብዛም በማይወፍር የመዳብ ሽቦ ነው። ግድቡን ብዙ መሐንዲሶች ይመረምሩታል። ስንደዶዋን ግን ማን መረመራት? የንግግራችን ጉዳይ ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አምፖል እንኳ አላበራንም። እኛ ፒንሳና ካቻቢቴ ይዘን መሰላል ላይ የምንወጣ መስሎን ነበር፤ አሠልጣኛችን ግን ደብተርና እርሳስ እንድንገዛ አዘዙን። «ሽቦ መዘርጋት በስድስት ወር ይለመዳል፤ የተዘረጋውን መርምሮ ‹ደኅና ነው› ብሎ መፈረም ግን ሌላ ነገር ነው» አሉን። ይህን በሰማን ጊዜ ቅር አለን። አምፖሉ ከበራ፣ ሶኬቱም የእጅ ስልክ ከሞላ፣ ምን የሚመረመር ነገር ይቀራል? እውነቱን ለመናገር በከተማችን ብዙ ሰው የሚያስበው እንዲሁ ነው። ሠራተኛው ማብሪያውን ይጫናል፣ መብራቱ ቦግ ይላል፣ ባለ ቤቱ ደስ ይለዋል፣ ሂሳብ ይከፈላል። በቅኔ ቋንቋ እንናገር ቢባል ግን የአምፖሉ መብራት ሰሙ ነው እንጂ ወርቁ አይደለም።

ምርመራው ሁሉ የሚጀምረው ከመዝጋት ነው። ዋናውን ማጥፊያ መዝጋት፣ ፊውዝ ከሆነ ነቅሎ ኪስ ውስጥ መክተት፣ ብሬከርም ከሆነ መቆለፍና «ሰው እየሠራ ነው» ብሎ ጽፎ መለጠፍ ያስፈልጋል። ይህ የፈሪ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሕፃን ከጨዋታ ተመልሶ ቤቱ መጨለሙን ሲያይ ሮጦ ወደ ማብሪያው እንደሚሄድ የማያውቅ ማን ነው? ከተዘጋም በኋላ መዘጋቱን ማረጋገጥ አለ። ብዙዎቻችሁ በቤታችሁ የምታውቁት፣ በካቻቢቴ መልክ የተሠራና በሆዱ ውስጥ ትንሽ መብራት ያለበት ቴስተር አለ። አሠልጣኛችን ይህን መሣሪያ አያምኑትም። «ባይበራ፣ አልበራም ማለት ነው እንጂ ኮረንቲ የለም ማለት አይደለም» ይላሉ። ስለዚህ መለኪያውን በመጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለበት በምናውቀው ቦታ እንፈትነዋለን፤ ቀጥሎ በዘጋነው ሽቦ ላይ እንሞክረዋለን፤ ከዚያም መለኪያው በመካከል እንዳልሞተ ለማወቅ እንደገና ወደ መጀመሪያው ቦታ እንመለሳለን። ሦስት ጊዜ መንካት ማለት ነው። እኛ በሁለተኛው ቀን ይህ ሰለቸን፤ በሦስተኛው ቀን የአንዳችን መለኪያ ባትሪው ስላለቀ በበራ ሶኬት ላይ ዜሮ አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ አልሰለቸንም።

የሰው ገላ በረጠበ ጊዜ ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም ወደ 1,000 ኦም ያህል ዝቅ ሊል ይችላል። የቤታችን ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። በአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ እንደ ተማርነው 220ን ለ1,000 ብናካፍል 0.22 አምፔር፣ ማለት 220 ሚሊ አምፔር እናገኛለን። ከ10 ሚሊ አምፔር ጀምሮ ጡንቻ ተኮማትሮ ሰው የያዘውን መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል፤ ሕዝቡ «ኮረንቲ ይስባል» የሚለው ይህን ነው። ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ የሆነው ከቆየ ደግሞ የልብን አመታት ሊያውክ ይችላል። ይህን ማካፈል በጥቁር ሰሌዳ ላይ መቶ ጊዜ ሠርተነው ነበር፤ ክፍልፋዩ የሰው ሕይወት መሆኑን ግን ያሰብነው በዚያ ክረምት ነው። በነገራችን ላይ ሕጉን ያወጣው ጌኦርግ ኦም በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። በ1827 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ ከአገሩ ሊቃውንት ብዙዎቹ አልተቀበሉትም፤ የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊን ሜዳይ የሸለመው ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ይህን የምናነሣው መምህሮቻችን ደስ እንዲላቸው ነው።

መጀመሪያ የተማርነው ልክ፣ ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥና ሳይላላ መድረሱን ማወቅ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህም ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ይሆናል። በማድ ቤት ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሸክም የለም። ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ 20 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 0.3 ኦም ያህል እንደሚሆን ከሰንጠረዥ አውቀናል። በአንድ ቤት ስንለካ ግን 0.8 አገኘን። ከመካከላችን አንዱ «ግማሽ ኦም ምን አላት?» አለ። አሠልጣኛችን መልስ አልሰጡትም፤ ደብተሩን እንዲያወጣ ብቻ አዘዙት። 16 ሲባዛ በ16፣ ሲባዛ በ0.5 ስንል 128 ዋት ሆነ። ከባለ መቶ ሻማ አምፖል የሚበልጥ ሙቀት፣ በግድግዳ ውስጥ፣ የክብሪት ቀፎ በምታክል ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ፈልገን ሳጥኑን ከፈትነው። ሽቦዎቹ በእጅ ተጠምዝዘው በጥቁር ናስትሮ ብቻ ታስረው ነበር፤ ናስትሮውም ቀልጦ፣ የሳጥኑ ክዳን እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። የቤቱ ሰዎች ግን እስከዚያ ቀን ድረስ እንጀራ ይጋግሩ ነበር፤ መብራታቸውም ይበራ ነበር።

ማብሪያና ማጥፊያው የሚቆርጠው ፌዙን መሆኑን መመርመር ቀላል ነው፤ ስለዚህ ብዙ አንናገርበትም። ኒውትራሉን የሚቆርጥ ከሆነ አምፖሉ ጠፍቶ ሳለ ማቀፊያው ኮረንቲ ስላለበት፣ አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ የወጣ ሰው ይያዛል። በአሮጌ ቤቶች የሽቦውን ቀለም አምኖ መሥራት አይቻልም፤ ለመሬት የሚሆነውን አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ለፌዝ አድርገውት ያገኘንበት ቤት አለ። የእጃቸው የነበረውን ሽቦ ዘርግተው ይሆናል፤ ምክንያቱን አልጠየቅንም።

ወደ ዋናው ልክ እንምጣ። በገበያችን እንስራ የምትገዛ ሴት ጎኑን በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ሳትሰማ ገንዘቧን አትፈታም። የተሰነጠቀ እንስራ ባዶውን ሲያዩት ደኅና ይመስላልና። ሜገር የሚባለው መሣሪያም እንደዚሁ ነው። ኮረንቲው ተዘግቶ ሳለ መሣሪያው ራሱ 500 ቮልት በሽቦው ላይ ይገፋል፤ የፕላስቲክ ልባሱ ደኅና ከሆነ ምንም አያልፍም፤ የተላጠ፣ የተቃጠለ ወይም የረጠበ ከሆነ ያፈስሳል። ልኩ የሚነበበው በሜጋ ኦም፣ ማለት በሚሊዮን ኦም ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ይላል፤ በአዲስ ሽቦ ላይ ግን ከመቶ በላይ ማግኘት የተለመደ ነው። ከመለካት አስቀድሞ ቴሌቪዥኑን፣ አምፖሉን፣ ምጣዱን ሁሉ ከመሥመሩ መፍታት ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ ወይ ዕቃው ይበላሻል፣ ወይም የተለካው የሽቦው ይሁን የዕቃው አይታወቅም። ይህን መፍታት የሚባለውን ነገር ልብ አድርጉልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የመሬት ምርመራ ደግሞ አገራችንን እንደ አዲስ አስተዋወቀን። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ብረት መሬት ውስጥ ተተክሎ የዕቃው ብረት ሁሉ ከእርሱ ጋር ይታሰራል። ብረቱ መተከሉ ግን አይበቃም፤ መሬቱ ምን ያህል እንደሚቀበል መለካት አለበት። ለዚህም ከብረቱ 20 ሜትር ርቀን አንድ ችካል፣ በመካከላቸውም ሌላ ችካል በአንድ መሥመር እንተክላለን። የመካከለኛውን ችካል አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ እያደረግን ሦስት ጊዜ ለክተን ቁጥሮቹ ከተቀራረቡ እንቀበላቸዋለን፤ ካልተቀራረቡ ርቀቱን እንጨምራለን። በአምባሰል አንድ ቀን ገመድና ችካል ይዘን ስንሄድ ያዩን ገበሬዎች «መሬታችንን ልትለኩ ነው?» ብለው ከበቡን። «አዎን፣ መሬት ልንለካ ነው» ብለን መለስንላቸው፤ ነገሩን አስረድተን እስክንጨርስ ድረስ ያየነውን ጭንቅ እኛ ነን የምናውቀው።

በሐይቁ ዳር ባለው ጥቁር አፈር 18 ኦም አገኘን። በአምባሰል ገደል ሥር ባለው ድንጋያማ ቦታ፣ ያው ርዝመት ባለው ብረት፣ 340 ኦም አገኘን። አምባሰል ለሙዚቃ ሰው የቅኝት ስም ነው፤ ለእኛ ግን በዚያ ሳምንት የድንጋይ ስም ሆነብን። ይህም በክረምት፣ መሬቱ ዝናብ ጠጥቶ ሳለ የተለካ ነው፤ በግንቦት ፀሐይ ቢለካ የከፋ ይሆናል። አንዳንድ ሰው ብረቱ ዙሪያ ጨውና ከሰል ይጨምራል፤ ለጊዜው ይረዳል፤ ነገር ግን ጨዉን ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል፣ ብረቱንም ያበላዋል።

እዚህ ላይ ጥያቄ አነሣን። 220 ለ340 ሲካፈል አንድ አምፔር እንኳ አይሞላም፤ ለ18 ሲካፈልም 12 አምፔር ነው። ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ሁለቱንም አይሰማቸውም። ታዲያ የምጣዱ ብረት ኮረንቲ ቢይዝ ብሬከሩ ዝም ብሎ ሊያይ ነውን? አሠልጣኛችን «ይህን ስትጠይቁኝ ስጠብቅ ነበር» አሉ። ለዚህ ሌላ ዓይነት ብሬከር አለ። እረኛ ጧት የወጡትን በጎች ማታ ሲገቡ እንደሚቆጥር፣ እርሱም በፌዙ የሄደውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን ኮረንቲ ያስተያያል። 30 ሚሊ አምፔር ጎድሎ ቢያገኝ በሦስት መቶ ሺኛ ሴኮንድ ውስጥ ይዘጋል፤ መዝጋቱም በመሣሪያ ይለካል። በላዩም የመሞከሪያ ቁልፍ አለበት። በቤታችሁ ይህ ያላችሁ ወላጆች፣ ቁልፉን በወር አንድ ጊዜ እንድትጫኑት እንለምናለን። የሌላችሁ ብዙ እንደ ሆናችሁም እናውቃለን።

አሁን የምንነግራችሁን ነገር እንናገረው ወይስ አንናገረው ብለን አምስታችንም ተከራክረናል።

ጳጉሜን 2 ቀን ነበር። በሐይቅ ከተማ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት፣ ለዘመን መለወጫ ብዙ እንጀራ ስለ ታዘዙ ሁለተኛ ምጣድ ገዙ፤ መሥመሩንም እንዲዘረጉላቸው አሠልጣኛችንን ለመኑ። የቤቱ አሮጌ መሥመር ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ ሰው የተዘረጋ ነበር። ጧት አዲሱን መሥመር ዘርግተን ጨረስን። ከሰዓት በኋላ አሠልጣኛችን ለሌላ ሥራ ተጠርተው ሲሄዱ «አራቱንም መሥመሮች በሜገር ለክታችሁ ጻፉ፤ እኔ ሳልመጣ ግን ዋናውን ማጥፊያ እንዳትነኩ» ብለው አዘዙን።

እማማ መሣሪያውን አይተው ምን እንደ ሆነ ጠየቁን።

«ሜገር ነው፣ እማማ።»

«ማገር? አብሽሩ ልጆቼ፣ ማገሩማ ደኅና ነው፤ ቆርቆሮውን ያስለወጥሁ ጊዜ አብሬ አስለውጬዋለሁ። ይልቅ ዝናብ ሲሆን ያ የልብስ ማስጫው ሽቦ እጄን ይነዝረኛል፤ ቁርጥማት ይሆን?»

ስለ ማገሩ ሣቅን። ስለ ቁርጥማቱም «ይማርዎት» አልናቸው። ከአምስታችን አንዱም በደብተሩ አልጻፈውም።

የመብራቱን መሥመር ለካን፤ 180 ሜጋ ኦም። የሳሎኑን ሶኬቶች ለካን፤ 95። አዲሱን የምጣድ መሥመር ለካን፤ ከ200 በላይ። አራተኛው አሮጌው የምጣድ መሥመር ነበር። እርሱን ለመለካት ከባዱን ምጣድ ከግድግዳው ማራቅና የሽቦውን ማሰሪያ ብሎኖች መፍታት ያስፈልግ ነበር። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ስለሚወርድ እርስ በርሳችን አንሰማማም፤ መሽቷል፤ እርቦናል፤ እማማም ሊጣቸው ኩፍ ብሎ በየጊዜው እየመጡ «ልጆቼ፣ አልደረሰም?» ይላሉ። መሥመሩ ጧት ሲሠራ አይተነዋል፤ እንጀራ ተጋግሮበታል፤ ምን ሊሆን ይችላል? በወረቀቱ ላይ በአራተኛው ረድፍ «150» ተብሎ ተጻፈ። የጻፈው የአንዳችን እጅ ነው፤ ነገር ግን አምስታችንም እያየን ስለ ሆነ «ጻፍን» እንላለን። ቁጥሩንም በብልሃት መረጥነው፤ ከሌሎቹ እንዳይርቅ ብለን።

አሠልጣኛችን ሲመጡ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት። ከዚያ የእጅ ባትሪያቸውን አብርተው ወደ ማድ ቤት ገቡና ከአሮጌው ምጣድ ኋላ ቁጢጥ አሉ። ብሎኖቹ ላይ የደረቀ ሊጥ ተጋግሮ ነበር፤ ምናልባት የብዙ ወር ሊጥ።

«ይህን ብሎን የፈታው ማን ነው?»

የመለሰ የለም። ካቻቢቴውን ወደ እኛ ዘረጉ።

ሊጡን ፍቀን፣ ብሎኖቹን ፈትተን፣ ምጣዱን አርቀን ለካን። ሜገሩ 0.04 አነበበ። ደንቡ ከሚለው ሃያ አምስት ጊዜ ያነሰ ነው። እኛ መሣሪያው የተበላሸ መሰለን፤ ሌላውን መሥመር እንደገና ብንሞክርበት ግን ትክክል ነው። አሠልጣኛችን ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ጥቂት ካሰቡ በኋላ አንደኛውን የሜገር ሽቦ ከቆርቆሮው ጋር እንድናገናኘው አዘዙ። ቁጥሩ ዜሮ ሆነ።

በማግሥቱ ቆርቆሮውን አንሥተን ምክንያቱን አየነው። የምጣዱ ሽቦ በማገሩ ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ ቆርቆሮው ሲለወጥ አንድ ምስማር ሽቦውን ወግቶት አልፏል። በበጋ ምስማሩ ፌዙን ሳይነካ አጠገቡ ተቀምጦ ይኖራል፤ ዝናብ በምስማሩ ቀዳዳ ሲገባ ግን ውኃው ያገናኛቸዋል፤ ቆርቆሮውም በሙሉ ኮረንቲ ይይዛል። ጣሪያው የተቀመጠው በእንጨትና በጭቃ ላይ ስለ ሆነ ወደ መሬት የሚፈስሰው ከ6 ሚሊ አምፔር አይበልጥም፤ ስለዚህ የትኛውም ብሬከር አይሰማውም። የልብስ ማስጫው ሽቦ ደግሞ አንድ ጫፉ ከዚያው ቆርቆሮ ጋር ታስሯል። እማማ እስከ ዛሬ የተረፉት በኮንጎ ጫማቸው ይመስለናል።

ነገሩን ባስረዳናቸው ጊዜ ዱካ ላይ ተቀመጡ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተናገሩም። በኋላ «በዚያ ሽቦ ላይ እኮ ልብስ የምታሰጣልኝ ልጄ ናት፤ በባዶ እግሯ» አሉ። ልጅቷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በዚያን ሰዓት በር ላይ ቆማ ትመለከተን ነበር።

አሠልጣኛችን አልተቆጡንም፤ ቢቆጡን በተሻለ ነበር። «ይህን ቁጥር ባምነው ኖሮ ማብሪያውን የማበራው እኔ ነበርሁ፤ ፊርማውም የእኔ ነው» ብቻ አሉን። ከዚያ ወረቀቱን አውጥተው ምን እንደምናደርግ አሳዩን። የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፤ በላዩም ጥቁር አይደረግበትም። አንድ ቀጭን መሥመር ይሰመርበታል፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ። በአጠገቡ እውነተኛው ልክ፣ ቀኑና የለካው ሰው ስም ይጻፋል። አምስታችንም ፈረምን። ደግሞም ምርመራ የሚጀምረው ከሜገር ሳይሆን ባለ ቤቱን ከመጠየቅ መሆኑን ነገሩን፤ እማማ በራሳቸው አንደበት ብልሽቱን ነግረውን ነበርና፤ እኛ «ይማርዎት» ብለን አለፍነው እንጂ።

እማማ ሁለት ቀን በጉልቻ፣ በእንጨት ጋገሩ። ከታዘዙትም ግማሹን ማድረስ ስላልቻሉ ደንበኞቻቸው ወደ ሌላ ሄዱ። እኛ ተራ በተራ እንጨት ፈለጥን፤ በሌላው ጊዜ አሮጌውን ሽቦ ነቅለን አዲሱን በቱቦ ውስጥ ከጣሪያው አርቀን ዘረጋን፤ የመሬት ብረት ተከልን፤ በጎቹን የሚቆጥረውንም ብሬከር አስገባን። የልብስ ማስጫውን ሽቦ ፈትተን በሲባጎ ገመድ ለወጥነው፤ ይህን ማድረግ ግዴታ አልነበረም፤ ግን አላስቻለንም። አራቱንም መሥመሮች ከመጀመሪያው ጀምረን እንደገና ለካን። የምጣዱ መሥመር 160 ሆነ። በሐሰት ከጻፍነው ጋር በጣም ስለ ተቀራረበ አሠልጣኛችን ዐይተው ፈገግ አሉ፤ እኛ ግን አልሣቅንም። መብራቱ የበራው በዘመን መለወጫ ዋዜማ ማታ ነው።

እኛ ገና የሙያ ብቃት ምዘና ያልወሰድን ተለማማጆች ነን፤ ስለዚህ በማንም ቤት ገብተን ለብቻችን ልንሠራ አይገባንም፤ ከዚህ ንግግር በኋላ «ኑና ቤቴን እዩልኝ» የምትሉን ወላጆች ብትኖሩ ወደ ባለሙያ እንመራችኋለን። ከመካከላችን ሁለቱ ዘንድሮ ከጨረሱ በኋላ ወደ ደሴ ሄደው ይህንኑ ትምህርት ሊቀጥሉ አስበዋል። አንዱ ሕክምና እንዲማር አባቱ ይፈልጋሉ፤ እርሳቸውም አሁን በዚህ አዳራሽ ስላሉ በዚህ ጉዳይ ዝም እንላለን።

ያ ወረቀት፣ «150» የሚለው ቁጥር ከነመሥመሩ፣ በኤግዚቢሽኑ ክፍል በፊዚክስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እማማ ፈቅደውልናል። ከወረቀቱ አጠገብ ያለውን ምስማርም ማየት ይቻላል።

አንድ ማስታወቂያ ብቻ ይቀረናል። ይህ ድምፅ ማጉያ የተሰካበትን ሶኬትና የአዳራሹን ሌሎች አምስት ሶኬቶች አሠልጣኛችን ባሉበት ትናንት ለክተናል፤ ልኩም በበሩ ላይ ተለጥፏል። በስተ ግራ ከመስኮቱ ሥር ያለው ሶኬት ግን መሬቱ ተቋርጦ ስላገኘነው ዘግተን ቀይ ናስትሮ አድርገንበታል፤ እስኪጠገን ድረስ ማንም እንዳይጠቀምበት እንለምናለን። ከበዓሉ በኋላ ሻይ የምታፈሉ እናቶች፣ በስተ ቀኝ ያለው ይሠራል።